ከድመት፣ ከበግና ከጥሬ ስጋ ጋር እየኖሩ ከቶክሶፕላዝማ መጠንቀቂያ ዝርዝር መመሪያ

ቤት ውስጥ አረገዘች ሲባል መጀመሪያ የምትባረረው ድመቷ ናት። በማዳበሪያ ተከታ ራቅ ያለ ሰፈር ትጣላለች፣ በሳምንቱ ግን ያቺው እርጉዝ የበዓሉን ዱለት ጨው ልክ መሆኑን ለማየት ጥሬውን ትቀምሳለች፣ ማንም ምንም አይላትም። ከዛ አይጥ ሲበዛ ሌላ ትንሽዬ ድመት ይመጣል፣ እሱ ደግሞ ከበፊቷ ይብሳል፣ ለምን እንደሆነ ደረጃ 3 ላይ አለ።

ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተውሳክ ሰው ውስጥ የሚገባው በአብዛኛው በአፍ ነው። ወይ ከድመት ሰገራ ጋር የወጣው እንቁላሉ በእጅ፣ በአፈር፣ በውሃ ወይ በአትክልት አድርጎ አፍ ይደርሳል፣ ወይ ደግሞ እንስሳው ጡንቻ ውስጥ ተኝቶ የቆየው በደንብ ሳይበስል ይበላል። ድመት መዳሰስ፣ አንድ ክፍል አብሮ ማደር፣ ፀጉሯ ልብስ ላይ መገኘቱ ብቻውን ይሄን ያህል አያሰጋም። እዚህ ሀገር በተሰሩ ብዙ ጥናቶች ከተመረመሩት ሰዎች ከግማሽ በላይ ደማቸው ውስጥ የቶክሶ አንቲቦዲ (ሰውነት ተውሳኩን ለመከላከል የሚሰራው፣ ይዞት እንደነበር የሚያሳየው) ተገኝቷል፣ አብዛኛውም መቼ እንደያዘው እንኳን አያውቅም፣ ምናልባት አንገቱ ላይ ንፍፊት ወጥቶ ሰውነቱን ደክሞት አልፎታል። ይሄ መመሪያ በቀላሉ ለማያልፍላቸው ሰዎች (ፅንስ ለያዙና የመከላከል አቅማቸው ለወረደ)፣ አብረዋቸው ለሚኖሩና በየቀኑ እንስሳ ለሚነኩ ነው።

ደረጃ 1፦ ስራውን ተከፋፈሉ

ከሁሉም በፊት ማን ምን እንደማይሰራ ወስኑ። እርጉዝ ሴት፣ ለማርገዝ እየሞከረች ያለች፣ ኤችአይቪ በደሙ ኖሮ ሲዲ ፎሩ (የሰውነት መከላከያ ሴሎቹ ቁጥር) የወረደ (ከ100 በታች ከሆነ በጣም)፣ የካንሰር መድሃኒት እየወሰደ ያለ፣ ኩላሊት የተቀየረለት፣ እነዚህ ሰዎች ሶስት ስራ አይንኩ፦ የድመት ሰገራ ማንሳት፣ በግና ፍየል ማዋለድ፣ በባዶ እጅ ጥሬ ስጋ መክተፍ። ባልየው "እኔ የሴት ስራ አልሰራም" ካለ ዘጠኝ ወር ብቻ ነው በሉት።

ብቻዋን የምትኖር ወይ ስራዋ ሉካንዳ፣ ቄራ፣ የእንስሳት ክሊኒክ የሆነች ሴት ደግሞ ስራ አቁሚ ማለት ቀልድ ነው የሚሆነው። እሷ ከታች ያለውን አንዱንም ሳትዘል ትስራው፣ አሰሪዋንም ከማዋለድና ከጨነገፈ እንስሳ ስራ ወደ ሌላ እንዲያዛውራት ቀደም ብላ ትንገረው።

ደረጃ 2፦ እቃ አዘጋጁ

ብዙ አይደለም። ጓንት (ሁለት አይነት፣ ለድመትና ለበረት ወፍራሙ የፕላስቲክ፣ ለስጋ ስሱ የሚጣለው)፣ ለቆሻሻ የሚሆን ፌስታል፣ ትንሽ አካፋ ወይ አሮጌ ማንኪያ ከዛ በኋላ ወደ ኩሽና የማይመለስ፣ የልብስ ሳሙና፣ የፈላ ውሃ፣ ሁለት መክተፊያና ሁለት ቢላ።

በረኪና እዚህ ዝርዝር ውስጥ የሌለው ተረስቶ አይደለም። በረኪና የቶክሶን እንቁላል አይገድለውም። የእጅ ሳኒታይዘርም አይገድለውም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋር ነው፣ ወለሉን በበረኪና ጠርጎ ሽታው ሲወጣ ፀዳ ብሎ ያምናል። የሚገድለው ሙቀት ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፣ እሱ ከበቂ በላይ ነው። እጅ ላይ ያለውን ደግሞ ሳሙናና ማሸት ያስወግደዋል፣ ሳሙናው ስለሚገድለው ሳይሆን አሽታችሁ አጥባችሁ ስለምታወርዱት፣ ስለዚህ በጣት ጫፍ ውሃ ነካ አድርጎ መውጣት አይሰራም።

ደረጃ 3፦ ድመቷ

እንቁላሉ ከድመቷ ሲወጣ ወዲያው አይበክልም። ከ1 እስከ 5 ቀን ውጪ ቆይቶ ነው የሚበስለው፣ አየሩ ሞቃትና እርጥብ ከሆነ ቶሎ። ስለዚህ ዋናው ሚስጥር ሰዓቱ ነው፣ በ24 ሰዓት ውስጥ የተነሳ ሰገራ አደጋው በጣም ያንሳል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ የሚፀዳ የድመት መፀዳጃ የአሸዋ ሳጥን ግን የባሰውን ነገር ነው የምትቆፍሩት።

1. ጓንት አድርጉ። ቀለበትና አምባር ካለ አውልቁ።
2. አቧራ እንዳይነሳ ቀስ ብላችሁ አንሱ፣ የደረቀ ከሆነ መጀመሪያ ውሃ አርከፍክፉበት። በመጥረጊያ መጥረግ ይቅር።
3. ፌስታል ውስጥ ከትታችሁ ቋጥሩና ቆሻሻ ውስጥ ጣሉ። የቆሻሻ መኪና የማይደርስበት ሰፈር ከሆነ ከጓሮ አትክልትና ከውሃ ጉድጓድ ራቅ አድርጋችሁ በጥልቀት ቅበሩ። ኮምፖስት ላይ አይጣል፣ ወደ ወንዝም አይጣል።
4. ሳጥኑ ላይ የፈላ ውሃ እስኪሸፈን ድረስ ሙሉበትና ቢያንስ 5 ደቂቃ ይቆይ። ፊታችሁን አርቁ፣ እንፋሎቱ ያቃጥላል።
5. ጓንቱን ወደ ውስጥ ገልብጣችሁ አውልቁ፣ ከዛ እጅ በሳሙና፣ ጥፍር ስር ሳይቀር።

ሳጥኑ ሶስት አራት ቀን ተረስቶ ከቆየ፦ እርጉዟ አትቅረብ። ሌላ ሰው አፍና አፍንጫውን በማስክ ሸፍኖ፣ ሁሉንም በውሃ አርጥቦ ከነአሸዋው ያውጣው፣ ከዛ ከላይ ካለው ተራ ቁጥር 4 ጀምሮ ይቀጥል። የሚያነሳ ሌላ ሰው ከሌለ ማስኩም ጓንቱም ይደረግ፣ ልብሱም ወዲያው ይቀየር።

የቤቷ ድመት ምን እንደምትበላም እዩ። በዓል ሲመጣ የበጉን ሳንባና ቁርጥራጭ ለድመት መወርወር ልማዳችን ነው፣ ድመቷ ግን በሽታውን የምታገኘው ከዛና ከአይጥ ነው። ሳንባውን ቀቅላችሁ ስጡ። ድመት ብዙ ጊዜ እንቁላል የምትጥለው መጀመሪያ ስትያዝ ነው፣ ከአንድ እስከ ሶስት ሳምንት ገደማ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ትጥልና ከዛ አብዛኛውን ጊዜ ታቆማለች። ለዚህ ነው አደን የሰነበተች ትልቅ ድመት ጥሎ አዲስ ግልገል ማምጣት የተገላቢጦሽ የሚሆነው፣ ትንሹ ድመት አደን የሚጀምረው እናንተ ቤት ነው። እርግዝናው እስኪያልቅ አዲስ ድመት አታስገቡ፣ ያለችው ትቆይ።

ውጪ ሀገር አፓርታማ ውስጥ ከቤት የማትወጣ፣ የታሸገ ምግብ ብቻ የምትበላ ድመት ያላችሁ ደግሞ ስጋታችሁ በጣም ትንሽ ነው፣ ጥሬ ስጋ ብቻ አትስጧት።

ደረጃ 4፦ ግቢው፣ አሸዋው፣ ገለባው

እኛ ሀገር አብዛኛው ድመት ሳጥን አያውቅም። የት ነው የሚፀዳዳው? ለግንባታ የመጣ የአሸዋ ክምር ላይ፣ ኩሽና ጀርባ አመድ የሚደፋበት ቦታ፣ የተቆፈረ የጎመን መደብ፣ ገለባ ክምር ላይ። ለስላሳና ለመቅበር የሚመች ቦታ ሁሉ ሽንት ቤቷ ነው። እንቁላሉ እርጥበት ያለው አፈር ውስጥ ከአንድ ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል፣ ስለዚህ "ድመት ካሳደግን እኮ ቆየን" ማለት ዋስትና አይሆንም።

አሸዋውን በሸራ ሸፍናችሁ ዳርና ዳሩን በድንጋይ ያዙት፣ ልጆች የሚጫወቱት እዛ ላይ ነው። አመዱን በርሜል ውስጥ ድፉና ክደኑት። ጓሮ ስትቆፍሩ ጓንት አድርጉ፣ ጨርሳችሁ ቡና ከመቅረባችሁ በፊት ታጠቡ።

በግ የምታደልቡ ወይ ላም ያላችሁ ደግሞ ፉርሽካውና ፋጉሎው በክዳን በርሜል ይሁን፣ ድርቆሹ ላይ ሸራ ይጣል። መጋዘን ውስጥ ድመት ለአይጥ ብላችሁ ታሳድራላችሁ፣ ድመቷ መኖው ላይ ትፀዳዳለች፣ እርጉዟ በግ ትበላዋለች፣ ከዛ ትጨነግፋለች። ቡዳ በላት ይባላል። ድመቷን ማስወጣት ካልቻላችሁ መኖው ላይ እንዳትደርስ አድርጉ፣ ሸራ ከአንድ ግልገል ይረክሳል።

ደረጃ 5፦ በግና ፍየል ሲወልዱ፣ ሲጨነግፉ

ገበሬውም ተማሪውም ከእንስሳት ሀኪም ጋር የሚሰራውም ችላ የሚለው ይሄኛውን ነው። የእንግዴ ልጁ፣ የሽርት ውሃውና የጨነገፈው ግልገል ተውሳኩን ሊይዙ ይችላሉ፣ ከዛ በላይ ደግሞ ብሩሴላና ኪው ፊቨር የሚባሉት ከእንስሳ ወደ ሰው የሚተላለፉ በሽታዎችም በዚሁ መንገድ ይመጣሉ፣ ስለዚህ የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ሁሉንም እንደ አደገኛ ያዙት።

1. እርጉዝ ሴትና ልጆች ከበረት ይውጡ። "ቆማ ብርሃን ትያዝልኝ" ማለትም ይቅር።
2. እስከ ክርን የሚደርስ ጓንት አድርጉ። ከሌለ ሁለት ንፁህ ፌስታል ደርባችሁ ክንድ ላይ በላስቲክ እሰሩ፣ ከባዶ እጅ ይሻላል።
3. እጅ ላይ ቁስል ካለ በፕላስተር ሸፍኑ።
4. ግልገሉ ካልተነፈሰ አፍንጫው ላይ አፍ አድርጎ መንፋት ወይ ንፍጡን በአፍ መምጠጥ ክልክል ነው። በጨርቅ አፍና አፍንጫውን ጥረጉለት፣ ጎኑን በደረቅ ጭድ አጥብቃችሁ እሹት፣ ቀጭን የሳር እንጨት አፍንጫው ውስጥ ትንሽ አስገብታችሁ ነካ ነካ አድርጉት፣ ያስነጥሰውና ይተነፍሳል።
5. የእንግዴ ልጁን ለውሻ አትወርውሩ። ከውሻው የተረፈውን ድመት ታገኘዋለች፣ ዑደቱ እንደገና ይጀምራል። ቅበሩት፣ ጉድጓዱ ጥልቅ ይሁን፣ ላዩ ላይ ድንጋይ ይጫንበት። ወይ አቃጥሉት።
6. የተነከረው ጉዝጓዝም አብሮ ይሂድ። ልብሳችሁን ቤት ሳትገቡ ቀይሩና በፈላ ውሃ እጠቡት።

አንዲት በግ ከጨነገፈች አጋጣሚ ሊሆን ይችላል፣ በአንድ ወቅት ሁለት ሶስት ከጨነገፉ ግን የወረዳውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጥሩ። የጨነገፈውን በፌስታል ቋጥራችሁ ጥላ ቦታ አቆዩለት፣ ናሙና ይወስድበታል፣ ቀብራችሁት ከጠበቃችሁት የሚመረመር ነገር የለም።

ስራ ላይ ጫት የምትቅሙ ወንድሞች፣ ባልታጠበ እጅ ያልታጠበ ቅጠል አፍ ውስጥ መክተት ለዚህ በሽታ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። ሲጋራም ያው ነው። ከስራ በኋላ አድርጉት፣ ታጥባችሁ።

ደረጃ 6፦ ቢላውና መክተፊያው

ቶክሶ በብዛት የሚገኘው በግ፣ ፍየልና አሳማ ስጋ ውስጥ ነው፣ የበሬው ያንሳል። ይሄን የሰማ ጥሬ ስጋ ወዳጅ ደስ ይለዋል ግን ቆይ፣ ሉካንዳው በጉንም በሬውንም የሚቆርጠው በአንድ ቢላ አንድ ጉማጅ ላይ ከሆነ ልዩነቱ እዛው ቀረ። ኮሶውንም አትርሱት።

ደረጃ 1 ላይ ለጠቀስናቸው ሰዎች ህጉ አጭር ነው። ጥሬ ስጋ፣ ለብ ለብ ክትፎ፣ ለብ ለብ ዱለት፣ ጎረድ ጎረድ አይበላም። ሚጥሚጣ አይገድለውም፣ አረቄም አይገድለውም፣ ትኩስ ቅቤ ላይ ማገላበጥም ውስጡን አያበስለውም። የስጋው ውስጡ 67 ዲግሪ ሲደርስ ወዲያው ይሞታል፣ ትንሽ ዝቅ ባለ ሙቀት ደግሞ ደቂቃዎች መቆየት አለበት። ቴርሞሜትር ያለው ቁራጭ ስጋን 63 ላይ አውርዶ 3 ደቂቃ ያሳርፈው፣ የተፈጨን 71፣ ዶሮን 74 ያድርሰው። የሌለው ወፍራሙን ቁራጭ ቆርጦ መሃሉን ይየው፣ ቀይ ከሆነ ይመለስ። ዶሮ ወጥ፣ ቀይ ወጥ፣ ቅቅል ሰዓታት የሚንተከተኩ ስለሆኑ ችግር የለባቸውም። ቋንጣ በጨውና በፀሐይ ደርቋል ተብሎ ጥሬውን አይቆረጠምም፣ ወጥ ሆኖ ይብሰል።

ስጋ የሚሰራው ሰው ደግሞ የሚወድቅባቸው ሶስት ቦታዎች አሉ፣ ኩሽና ውስጥ ቆማችሁ ብታዩ ሁሌም እነዚሁ ናቸው። አንደኛ ቅምሻ፣ ጨው ሚጥሚጣው ልክ መሆኑን ለማየት ጥሬውን በጣት ምላስ ላይ ማድረግ። ትንሽ ቆንጥራችሁ መጥበሻ ላይ ጣል አድርጋችሁ አብስላችሁ ቅመሱ። ሁለተኛ ቢላ ጣት ሲቆርጥ፣ ሳናስበው ጣታችን አፋችን ውስጥ ነው፣ ከነስጋው ደም። ቧንቧ ስር አድርጉት። ሶስተኛ ጉርሻ፣ ስጋ ሲከትፍ የነበረ እጅ ውሃ ብቻ ተነክሮ "በሞቴ" ብሎ እርጉዝ አፍ ውስጥ ይገባል። እምቢ ማለት ነውር ከሆነባችሁ ሀኪም ከልክሎኛል በሉ፣ እውነት ነው።

የጥሬ ስጋ መክተፊያና የሰላጣ መክተፊያ ይለያዩ። አንድ ብቻ ካለ መጀመሪያ አትክልቱን ክተፉ፣ ስጋውን መጨረሻ፣ ከዛ የፈላ ውሃ አፍስሱበት።

ፍሪዘር ውስጥ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ለብዙ ቀናት የቆየ ስጋ ውስጥ ያለው ተውሳክ በአብዛኛው ይሞታል። ግን መብራት ሲሄድ ሲመጣ የከረመ ፍሪዘር፣ ወይ ፍሪጅ ላይ ያለችው ትንሿ በረዶ ቤት ለዚህ አትታመንም፣ ቀዝቅዞም ይብሰል።

ደረጃ 7፦ ወተት፣ ሰላጣ፣ ውሃ

የፍየል ወተት አፍሉ፣ ጥሬው ተውሳኩን ሊያስተላልፍ ይችላል፣ የላሙንም ለሌላው በሽታ ብላችሁ አፍሉ። ሰላጣና ቆስጣን ቅጠል በቅጠል ፈልቅቃችሁ በሚወርድ ውሃ እጠቡ፣ ሎሚ፣ አቼቶና በረኪና መዘፍዘፉ ለሌላ ጀርም ይጠቅም ይሆናል፣ ይሄን እንቁላል ግን አይገድልም። እርጉዝ ሆናችሁ ውጪ የምትበሉ ከሆነ ጥሬ ሰላጣውን ትታችሁ የበሰለ ጎመን እዘዙ። የጉድጓድና የወንዝ ውሃ ይፍላ፣ እንደ ውሃ አጋር ያለው ክሎሪን ብቻውን ለዚህ አይበቃም።

ደረጃ 8፦ ምርመራውና ወረቀቱን ማንበብ

እርግዝና ከታሰበ ከዛ በፊት፣ ካልሆነ የመጀመሪያው ክትትል ላይ ጠይቁ፣ ሳትጠይቁ የሚያዙላችሁ ቦታ ጥቂት ነው። ፈረንሳይ ያላችሁ፣ እዛ ተጋላጭ የሆነች እርጉዝ በየወሩ ትመረመራለች፣ አሜሪካ ግን መደበኛ ስላልሆነ እናንተው አንሱት። ሀኪሙን "አይጂጂና አይጂኤም ለየብቻ" በሉት፣ ሁለት አይነት አንቲቦዲ ናቸው፣ አይጂኤም ቀድሞ የሚወጣው፣ አይጂጂ ደግሞ ከዛ በኋላ መጥቶ የሚቆየው። ላቴክስ የሚባለው ርካሹ ምርመራ ሁለቱን አይለይም፣ "ፖዘቲቭ" ብቻ ብሎ ይመልስና ሰው ያስለቅሳል።

አይጂጂ ፖዘቲቭ፣ አይጂኤም ነጌቲቭ ከሆነ፦ ድሮ ይዟችሁ አልፏል፣ የመከላከል አቅማችሁ ደህና ከሆነ ፅንሱ በአብዛኛው የተጠበቀ ነው። ለዚህ መድሃኒት አይወሰድም።

ሁለቱም ነጌቲቭ፦ ጥሩ ዜና ይመስላል ግን ጥንቃቄው ሁሉ የተጻፈው ለእናንተ ነው፣ እስከ ወሊድ ከደረጃ 1 እስከ 7 ያዙ።

አይጂኤም ፖዘቲቭ፦ አትደንግጡ፣ ዝምም አትበሉ። አይጂኤም ለወራት አንዳንዴም ለዓመታት ደም ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ ይደገም፣ አቪዲቲ የሚባለው ምርመራ የሚሰራበት ላብራቶሪ ይፈለግ፣ እሱ ከፍተኛ ከወጣ ኢንፌክሽኑ ባለፉት ከ3 እስከ 4 ወራት ውስጥ የመጣ አይደለም ማለት ነው። አዲስ መሆኑ ከተረጋገጠ እንደ እርግዝናው ሳምንት ስፓይራማይሲን የሚባለው መድሃኒት ወይም ሌላ ሊታዘዝ ይችላል፣ የሚወስነው ስፔሻሊስት ነው። በአንድ ላቴክስ ውጤት ብቻ እርግዝና ስለማቋረጥ የሚያወራችሁ ካለ ሁለተኛ ሀኪም ጋር ሂዱ።

ደረጃ 9፦ ነገሩ አንዴ ከተበላሸ

እርጉዝ ሆናችሁ ጥሬ በላችሁ፣ ወይ የሽርት ውሃ ፊታችሁ ላይ ተረጨ እንበል። አፍና አይን በብዙ ውሃ እጠቡ። ቀኑን ጻፉ። በዚያው ሳምንት ደም ስጡ፣ ከ3 ሳምንት በኋላ ድገሙ፣ አንድ ምርመራ ብቻውን አይበቃም ምክንያቱም አንቲቦዲው ገና አልወጣ ይሆናል። የኮሶ መድሃኒት ገዝቶ መዋጥ ለዚህ ምንም አይሰራም፣ አልቤንዳዞልም እንደዛው።

አይን ላይ ጥቁር ነጠብጣብ መንሳፈፍ ወይ ብዥታ ከጀመረ፣ እርጉዝ ሆናችሁም አልሆናችሁ፣ የአይን ሀኪም ጋር ሂዱ። ጠብታ ከፋርማሲ ገዝቶ መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው።

ኤችአይቪ ያለባችሁ ኮትሪሞክሳዞል ከታዘዘላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ፣ ከሌላው በተጨማሪ ከዚህም ይጠብቃል። ኤአርቲ (የኤችአይቪ መድሃኒት) ያቋረጠ ወይ ሲዲ ፎሩ ዝቅ ያለ ሰው የማይለቅ ራስ ምታትና ትኩሳት፣ አንድ ጎን መድከም፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት ወይ ባህሪ መለወጥ ካሳየ ተውሳኩ አንጎል ላይ ተነስቶ ሊሆን ይችላልና በዛው ቀን ሆስፒታል ውሰዱት፣ የሚጥል በሽታ ነው ልክፍት ነው እያላችሁ ቤት አታቆዩት። በጊዜ ከተጀመረለት መድሃኒቱ ብዙውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ለውጥ ያሳያል። ስትወስዱት የክትትል ካርዱንና የሚወስዳቸውን መድሃኒቶች ይዛችሁ ሂዱ፣ ሰልፋ የሚባለው መድሃኒት አለርጂ ካለበትም በሩ ላይ ተናገሩ።